ፍቅር ወይስ ልብ አንጠልጣይ? ቀጣዩን ልብ ወለድ ለመምረጥ

ልብ ወለድ ጠቁሙኝ ለሚል ሰው መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። አሁን ያማረህ ፍቅር ነው ወይስ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር? ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሸጡም አንባቢን የሚይዙበት መንገድ ለየቅል ነው። የፍቅር ልብ ወለድ ስትጀምሩ ማን ከማን ጋር እንደሚዋደድ ገና ከመነሻው ይገባችኋል። የምትቀጥሉት እንዴት እንደሚሆንላቸው፣ ወይም እንደማይሆንላቸው ለማየት ነው። ልብ አንጠልጣዩ ግን የደበቀው ነገር አለ፤ እሱን እስኪያወጣ ድረስ ቁጭ ብድግ ያሰኛችኋል።

እኔ ሁለቱንም የምመዝንበት ሚዛን አንድ ነው። ምስጢሩ ከወጣ በኋላ መጽሐፉ ውስጥ ምን ይቀራል? መጨረሻውን እያወቅኩ እንደገና ብከፍተው ያስቀምጠኛል ወይስ ሃያኛው ገጽ ላይ እተወዋለሁ? ሰሞኑን አዲስ ያነበብኳቸውንም፣ ከዓመታት በኋላ የደገምኳቸውንም ጎን ለጎን አስቀምጬ ያየሁት በዚህ ነው።

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ፍቅርና ሥጋት በአንድ ላይ የሚፈልግ በአማርኛ «ኦሮማይ»ን፣ በእንግሊዝኛ «ሬቤካ»ን ይያዝ። አንጀት የሚበላ ፍቅር የፈለገ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን። ቅዳሜና እሁድን ቤት ዘግቶ ማንበብ የፈለገና ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፉ ባያስብም ግድ የሌለው «ዘ ሀውስሜይድ»ን። ምክንያቱን ለማወቅ የፈለገ ይቀጥል፤ የአንዱንም መጨረሻ አልናገርም።

ፍቅር ስትፈልጉ

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። በእንግሊዝኛው ገበያ የፍቅር ልብ ወለድ የሚባለው መጨረሻው ደስ ማለት አለበት፣ ቢያንስ ተስፋ መስጠት አለበት። ይሄ ልማድ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር ዘርፉን ሲተረጉም ያስቀመጠው መስፈርት ነው። አንባቢውም ይህን አምኖ ነው የሚገዛው። እኛ ዘንድ ደግሞ በትውልድ መካከል ስሙ የማይጠፋው የፍቅር ልብ ወለድ መቃብርን በርዕሱ ላይ ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ በአማርኛ ልብ ወለድ ያደገ ሰው የእንግሊዝኛውን ሲያነብ ውሃ ውሃ ሊለው ይችላል፤ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛው የመጣ ደግሞ መጨረሻው ላይ ተክዶ እንደቀረ ሊሰማው ይችላል። የትኛውን እንደያዛችሁ ካወቃችሁ ግን ሁለቱም ጋ ደስታ አለ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ነው የታተመው። ሐዲስ ዓለማየሁ ታሪኩን የሚጀምሩት ከሁለቱ ፍቅረኞች ከሰብለ ወንጌልና ከበዛብህ አይደለም፤ ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰንፋል። ገና ፍቅር የለም፣ ገና የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ የሉም፣ መጽሐፉም ከ500 ገጽ በላይ ነው። እባካችሁ እዚያ ላይ አትተዉት። የወላጆቹን ታሪክ ካላወቃችሁ በዛብህ ለምን ለእግዚአብሔር በስለት እንደተሰጠ አይገባችሁም፤ ያ ካልገባችሁ ደግሞ ወደ ሰብለ በተጠጋ ቁጥር ውስጡ የሚታገለው ነገር ተራ ዓይን አፋርነት ይመስላችኋል። ልጁ የሚፈራው አባቷን ብቻ አይደለም። ስለቱንም ነው።

ይሄን መጽሐፍ ስደግም የገረመኝ ፍቅሩ በስንት ነገር መታጠሩ ነው። ጉዱ ካሳ አለ፣ ያንን ሁሉ ሥርዓት በምላሱ የሚያፈርስ። አበጀ በለውና ገበሬዎቹ አሉ፣ በፊታውራሪው ላይ እንቢ የሚሉ። ሰብለ ደግሞ መሃል ላይ ናት፤ የመጣ ሁሉ ዘሩ ከዘራችን አይመጥንም እየተባለ ዕድሜዋ የሚያልፍ ልጅ። ፍቅሩ የሚያምመው ለዚህ ነው። ሁለት ሰዎች መዋደዳቸው አይደለም ነገሩ፤ ለመዋደድ የሚሆን ቦታ አገሩ ላይ አለመኖሩ ነው። መጨረሻውን አገር ያውቀዋል፣ ገና ያልተከፈተው መጽሐፍ ርዕሱ ላይ ጽፎታል፣ ያም ሆኖ ሰው ይደግመዋል። በእኔ ሚዛን ከዚህ በላይ ማረጋገጫ የለም።

ርዝመቱ ለሚያስፈራችሁ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፈልጋችሁ አድምጡ። ምግብ እየሠራችሁም፣ ታክሲ ውስጥም ይሄዳል። የፊታውራሪውን ቁጣና የጉዱ ካሳን አነጋገር በዚያ ድምፅ የሰማ ሰው በኋላ ጽሑፉን ሲያነብ ድምፁ አብሮት ይመጣል። ይሄን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ አንባቢዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም።

ከሱ ጋር ጎን ለጎን እንድታነቡት የምመክረው የጄን ኦስተንን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ነው። በ1813 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ገጠር ታሪክ ነው። አምስት ሴት ልጆች ያሉት ቤት፣ ርስቱ ደግሞ በወንድ ዘር ብቻ የሚተላለፍ። አባትየው ሲሞት ቤቱ ለሩቅ ዘመድ ይሄዳል። እናትየው ልጆቿን ለመዳር የምትሯሯጠው ወዳ አይደለም። ከልጆቹ አንዷ ኤልሳቤጥ የመጣላትን እንቢ ስትል እንቢታዋ ቤተሰቡን ሜዳ ላይ ሊጥል የሚችል ነው። በዚህ ዓይን ካነበባችሁት ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ወሬ መሆኑ ይቀራል። ሌዲ ካትሪን የምትባል ባላባት ሴት ኤልሳቤጥ ቤት ድረስ መጥታ «አንቺ ከኛ ዘር ጋር?» ዓይነት ንግግር የምትናገርበት ምዕራፍ አለ። ፊታውራሪ መሸሻን ለሚያውቅ አንባቢ እዚያች ሴት ላይ አዲስ ነገር የለም፤ ልዩነቱ ሰብለ ያላገኘችውን መልስ የመስጠት ዕድል ኤልሳቤጥ ማግኘቷ ነው። ሁለቱን በተከታታይ ያነበበ ሰው ስለ ፍቅርም ስለ ዘርም ብዙ ያስባል። እንግሊዝኛው ግን ይከብዳል፣ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው። ከመጽሐፉ በፊት በደንብ የተሠራ ፊልሙን ማየት ምንም ነውር የለበትም።

የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ለማን ነው? ዩኒቨርሲቲ ላለ ወይም ገና ከዩኒቨርሲቲ ለወጣ። አቤል የሚባል ተማሪ ትዕግሥትን ይወዳል፣ ለመናገር ግን አንደበቱ ይታሰራል፤ ፍቅሩ ከትምህርቱም ከጤናውም ይጋፋል። ለአንዳንዱ ይሄ ዘገምተኛ ነው፤ «ሂድና ንገራት በቃ!» እያላችሁ የምትናደዱበት መጽሐፍ ነው። እኔ ግን ያ ንዴት የመጽሐፉ ጉልበት ይመስለኛል። ዝም ብሎ የወደደ ሰው ሁሉ አቤልን ያውቀዋል። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ይልቅ ቀላልና ቅርብ ነው፤ ልብ ወለድ ማንበብ ለጀመረ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ይሄን ነው የምሰጠው።

የጆጆ ሞይስ «ሚ ቢፎር ዩ» ላይ ሐሳቤ የተከፈለ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ብዙ አገር ተነበበ፣ ፊልም ሆነ። ሥራ ያጣች ልጅ በአደጋ ሰውነቱ የማይንቀሳቀስ ሀብታም ወጣት ለመንከባከብ ትቀጠራለች። ሳቁ እውነተኛ ነው፣ ልጅቷም ትወደዳለች። የአካል ጉዳተኞች መብት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ግን መጽሐፉ የአካል ጉዳትን የሚያይበትን መንገድ አጥብቀው ተችተውታል፤ እኔም እዚያ ላይ ከነሱ ጋር ነኝ። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ካለ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

እንቅልፍ የሚነሳ ስትፈልጉ

እዚህ ዘርፍ ላይ ምርጫ በዝቷል፤ በዚያው ልክ ተመሳሳይ ነገርም በዝቷል። አንድ ቤት፣ አንድ ባልና ሚስት፣ አንድ ውሸት፣ መጨረሻ አካባቢ አንድ ግልበጣ። ሽፋኑ ላይ «የማትጠብቁት መጨረሻ» የሚል ከተጻፈበት ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ እየጠበቃችሁ ነው የምታነቡት። ስለዚህ በግልበጣው ብቻ አትምረጡ።

የፍሪዳ ማክፋደን «ዘ ሀውስሜይድ» በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሚሊ የምትባል ልጅ ከእስር ወጥታ መኪናዋ ውስጥ እያደረች ሳለ ሀብታም ቤት የቤት ሠራተኛ ሆና ትቀጠራለች። የሚሰጧት ክፍል ጣሪያ ሥር ነው። መስኮቱ አይከፈትም፤ በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ አንዱን ስትጨርሱ ሌላውን ሳታስቡት ጀምራችኋል። በእንግሊዝኛ ማንበብ ለመልመድ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በሩ ከውጭ የሚቆለፈውን ክፍል አሜሪካዊ አንባቢ እንደ ማስፈራሪያ ዘዴ ያነበዋል። እኛ እንደዚያ ልናነበው አንችልም። ከመካከላችን እህቱ፣ አክስቱ፣ የሰፈሩ ልጅ ቤይሩት ወይም ሪያድ ወይም ኩዌት ሄዳ ሰው ቤት ያልሠራችበት ስንት አለ? የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ የሆነበት የከፋላ አሠራር፣ የተወሰደ ፓስፖርት፣ የተቀማ ስልክ፣ እነዚህን ከሰዎቻችን አፍ ሰምተናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ሳነብ ልቤ የተንጠለጠለው ደራሲዋ ካሰበችው በላይ ነው። ከዚያ ታሪኩ ወደ ጨዋታው ሲገባ፣ ማን ማንን ያታልላል ወደሚለው ሲዞር፣ ያ እውነተኛ ፍርሃት ይጠፋል። ፍጥነቱ አይቀንስም፤ ነገር ግን የቤት ሠራተኛነቷ ራሱ የታሪኩ ማስጀመሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያ አሳዝኖኛል። አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት ካለቻችሁ ይሄን መጽሐፍ ከመላካችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡ።

የአሌክስ ሚካኤሊዲስ «ዘ ሳይለንት ፔሸንት» በ2019 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ለንደን ውስጥ አሊሺያ የምትባል ሠዓሊ ባሏን በአምስት ጥይት ትገድለዋለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አትናገርም። አንድ የሥነ ልቦና ሐኪም ላናግራት ብሎ ይነሳል። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ዝምታዋ ከማንኛውም ጩኸት በላይ ይይዛል፣ የጥንት ግሪኮች ስለ አልሴስቲስ የተረኩት ታሪክም ከሥሩ አለ። መጨረሻው ላይ እኔም ደንግጬ ወደ ኋላ ገልብጫለሁ። ስደግመው ግን ሐኪሞቹም ዘመዶቹም ጎረቤቱም እኛ እንድንጠረጥራቸው ብቻ የተቀመጡ ሆነው ታዩኝ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ይጠፋሉ። አንዴ አንብቡት፣ ለሰው ስጡት።

የጊልያን ፍሊን «ጎን ገርል» ከሁለቱም ይበልጣል። የ2012 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ነው። ባልና ሚስት በተጋቡበት በአምስተኛው ዓመት መታሰቢያ ቀን ሚስትየዋ ትጠፋለች። አንዱ ምዕራፍ የባልየው ነው፣ አንዱ የሚስትየዋ የቀን ማስታወሻ ነው። መሃሉ ላይ መጽሐፉ ይገለበጣል፤ ደራሲዋ ትልቁን ካርድ የምትጥለው ገና ግማሽ መንገድ እያለ ነው፤ ከዚያ በኋላም ለመቀጠል የሚያበቃ ነገር ስላላት ነው እንዲህ የደፈረችው። ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡት ሌላ መጽሐፍ ይሆናል። ስለ ጋብቻ የሚናገረው ነገር መራራ ነው። ለሙሽሮች ስጦታ አይሆንም፣ ብዙ ስድብም አለበት። ሰው ለሰው የሚያሳየው ፊትና የደበቀው ፊት እስከ ምን ድረስ ሊራራቁ እንደሚችሉ ለማየት ግን በዘርፉ ከዚህ የበረታ አላነበብኩም።

በአማርኛ ልብ አንጠልጣይ ስንል የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሳይነሳ አይታለፍም። በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ እጅ በእጅ ዞረ፤ መጽሐፍ የማያነብ የነበረ ስንቱን ወጣት አንባቢ አደረገ። ከጣና ገዳማት እስከ አሜሪካ የጠፈር ምርምር፣ የስለላ ድርጅቶች፣ የተደበቀ ምስጢር፣ ሁሉም አለ። ፍጥነቱን እወደዋለሁ። ስለ አገሩ ያለው ቁጭትም የምር ነው። ሰዎቹ ግን ከሐሳቡ ጋር አይመጣጠኑም። ሴቶቹም ወንዶቹም ከሰው ልክ በላይ ቆንጆና ብልህ ናቸው፣ በጭንቅ ሰዓት መሃል ንግግር ይረዝማል፤ ደግሜ ሳነበው ያስቀመጠኝ ትዝታው እንጂ ታሪኩ አልነበረም። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላለ ልጅ ግን አሁንም በሙሉ ልብ እሰጣለሁ። ከወደደው ተከታዩን «ራማቶሓራ»ን ራሱ ይፈልጋል።

ሁለቱን በአንድ ላይ ስትፈልጉ

እኔ በጣም የምወደው ዓይነት ይሄ ነው፤ ለመጻፍ የሚከብደውም እሱ ነው። ፍቅሩና ሥጋቱ ተለያይተው ሲሄዱ መጽሐፉ ይሰነጠቃል። አንድ ምዕራፍ ግድያ፣ አንድ ምዕራፍ መሳሳም ሆኖ ይቀራል። የተዋጣለት ጊዜ ግን የምትፈሩት ነገርና የምትወዱት ሰው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። «ይሄን ሰው ልመነው?» የሚለው ጥያቄ የፍቅርም የሥጋትም ጥያቄ ይሆናል። ስትመርጡ ይሄን ፈልጉ።

የዳፍኒ ዱ ሞሪየር «ሬቤካ» በ1938 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው፤ እስካሁን የሚስተካከለው ብዙ አላየሁም። ዘመድ የሌላት ልጅ ሞንቴ ካርሎ ላይ ሚስቱ የሞተችበት ሀብታም ሰው ታገባለች። ማንደርሊ ወደሚባለው ትልቅ ቤቱ ይወስዳታል። ቤቱ ውስጥ ግን የሟቿ የሬቤካ ክፍል እንዳለ ነው፣ ጽሕፈቷ በየደብዳቤው ላይ ነው፣ የቤቱ አዛዥ ሚስስ ዳንቨርስም ለሟቿ ነው የምታገለግለው። ተራኪዋ ልጅ እስከ መጨረሻ ስሟ አይነገረንም። ሟቿ ስም አላት፣ ሕያዋ የላትም።

አንድ ቦታ ላይ ይህች ልጅ የሸክላ ጌጥ ትሰብራለች። የቤቱ እመቤት እኮ ናት። ግን ደንግጣ ስብርባሪውን መሳቢያ ውስጥ ትደብቀዋለች፣ ከዚያ አንዱ ሠራተኛ ሰረቀ ተብሎ ይጠረጠራል። ደም የለም፣ ሽጉጥ የለም፣ ያንን ገጽ ሳነብ ግን ከ«ዘ ሳይለንት ፔሸንት» ጥይቶች በላይ ተጨንቄያለሁ። ሰው ቤት ገብቶ ቦታውን ያላገኘ ሁሉ ያንን ጭንቀት ያውቀዋል፤ አማቷ ቤት የገባች ሙሽራ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ። ደራሲዋ ራሷ መጽሐፉን የቅናት ጥናት አድርጋ ነበር የምታየው። እኔም ለፍቅሩ ብቻ ብሎ የሚገዛው ሰው መጨረሻ ላይ ግራ ሊጋባ ይችላል እላለሁ። ባልየው ማክሲም የሚወደድ ሰው ነው? ስታነቡ ወስኑ። ስትደግሙ ፍርዳችሁ ይለወጣል፤ የእኔ ተለውጧል። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ በ1940 እ.ኤ.አ. ፊልም አድርጎት ፊልሙ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ኦስካር ወስዷል፤ ነገር ግን ፊልሙ አንድ ወሳኝ ነገር ስለለወጠ መጽሐፉን አስቀድሙ።

የኮሊን ሁቨር «ቬሪቲ» የሬቤካ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደራሲዋ ራሷ ያሳተመችው፣ በኋላ በሰፊው የተሰራጨ ነው። ገንዘብ ያጠራት ደራሲ፣ አደጋ የደረሰባትን ቬሪቲ የምትባል ታዋቂ ደራሲ መጽሐፍ እንድትጨርስላት ትቀጠርና ቤታቸው ትገባለች። እዚያ የቬሪቲን የግል ኑዛዜ ታገኛለች። እያነበበች ከቬሪቲ ባል ጋር ፍቅር ይይዛታል። ቬሪቲ ደግሞ ፎቅ ላይ ተኝታለች፣ አትናገርም። ሁለት ንባብ በአንድ መጽሐፍ ነው፤ አንዴ ከያዛችሁ አይለቅም። መጨረሻው አንባቢዎችን ለሁለት ከፍሎ እስካሁን ያከራክራል፣ ያ ክርክር ደስ ይላል። ከሬቤካ ጋር ሲተያይ ግን ልዩነቱ ይታያል። እዚያ ልጅቷን እንረዳታለን፣ እንጨነቅላታለን። እዚህ ሰዎቹ የሚያደርጉትን የሚያደርጉት ታሪኩ ስለፈለገው ነው። ሁለተኛው ንባብ እንደ በረካ ቡና ሆነብኝ፤ ቀለሙ አለ፣ ጣዕሙ ሄዷል። የአልጋው ጉዳይ ደግሞ በግልጽና በብዛት ተጽፏል፣ በልጆች ላይ የደረሰ ነገርም አለበት። ለወጣት ልጅ አይሰጥም፤ ልጅ የሞተባት እናትም ታልፈው።

«ነገም ሌላ ቀን ነው» ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የማርጋሬት ሚቸልን የ1936 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድ ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው ወደ አማርኛ የመለሰው። ለዚህ ብቻ ሊነበብ ይገባል ብል አላጋነንኩም። የዋና ባለታሪኳን የስካርሌትን ግትርነትና የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ጭንቅ በአማርኛ ማንበብ ደስታ አለው። ነገር ግን የባሪያ ፍንገላውን ሥርዓት ውብ አድርጎ የሚስል መጽሐፍ ነው፤ ጥቁሮቹ ሰዎች እንደ ሰው አልተጻፉም። ይሄን እያያችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ «ኦሮማይ»። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. አሳተመው። ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተነሳ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ግን ይሄን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጋችሁ እንደ ልብ ወለድ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ። ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ደርግ ኤርትራ ውስጥ በሻዕቢያ ላይ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ አስመራ ይገባል። እዚያ ፊያሜታ ጊላይ አለች። ከተማው ቡናውና ዘንባባው ያምራል፤ በዚያው ከተማ ማን የማን ሰው እንደሆነ አይታወቅም። ስለላ አለ፣ ድግስ አለ፣ የናቅፋ ጦር ግንባር አለ።

የምትፈሩትና የምትወዱት አንድ ቦታ ይገናኛሉ ብዬ ቅድም ያልኩት ነገር የተፈጸመው እዚህ ነው። ጸጋዬ ፊያሜታን ሲወድ አስመራን መውደዱ ነው፣ አስመራን ሲወድ የተላከበትን ሥራ መጠርጠሩ ነው። ፍቅሩን ከስለላው ለይታችሁ ማውጣት አትችሉም። ንግግሩም ፈጣን ነው፤ ሰዎቹ እንደ ሰው ነው የሚያወሩት፣ ይቀልዳሉ፣ ይዋሻሉ፣ ይጠጣሉ። ፊያሜታ ላይ ቅር የሚለኝ አለ። አንዳንድ ቦታ የምናያት በጸጋዬ ዓይን ብቻ ሆኖ የራሷ ሐሳብ ይርቀናል። ሮማንም ከዚህ የተሻለ ቦታ ይገባት ነበር። ግን የጦርነቱን መጨረሻ ታሪክ ከነገረን በኋላ እንኳ፣ ማን ምን እንደነበረ ካወቅን በኋላ እንኳ፣ ሰውየው በሚያምንበትና በሚያየው መካከል ሲሰነጠቅ ማየት ያስጨንቃል። ከ«ዴርቶጋዳ» ጋር ካነጻጸራችሁት የኋለኛው የስለላውን ጨዋታ ይሰጣችኋል፤ «ኦሮማይ» ዋጋውንም ያሳያችኋል።

ለመወሰን የሚረዱ ጥቂት ነገሮች

ጊዜያችሁን እዩ። ፈተና ወይም አዲስ ሥራ ላይ ከሆናችሁ ልብ አንጠልጣይ አትጀምሩ፣ ሌሊቱን ይወስድባችኋል። በአጭር በአጭሩ ሊነበብ የሚችለው የፍቅሩ ነው፤ በተለይ «ሰመመን»ና «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ቆም ቢሉ አይቀየሙም። «ጎን ገርል»ን ግን በሁለት ወር ውስጥ እየቆራረጠ ያነበበ ሰው አላነበበውም ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ ለማንበብ ላሰበ ሰው ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው። በ«ዘ ሀውስሜይድ» ጀምሩ፣ «ዘ ሳይለንት ፔሸንት»ን አስከትሉ፣ ከዚያ «ጎን ገርል»፣ ከዚያ «ሬቤካ»፣ ኦስተን መጨረሻ። ውጭ አገር ያላችሁ፣ በተለይ አሜሪካ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካወጣችሁ ሊቢ በሚባለው መተግበሪያ እነዚህን በነፃ በስልካችሁ ትዋሳላችሁ፤ ተፈላጊዎቹ ላይ ወረፋ ስላለ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። አዲስ አበባ ያላችሁ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹን ጠይቁ። የአማርኛዎቹን ስትገዙ ግን ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋችሁ ፈትሹ፤ ኮፒ የተደረገው ላይ ገጽ መጉደሉ የተለመደ ነው፣ ልብ አንጠልጣይ ላይ ደግሞ የሚጎድለው ገጽ ሁሌ የሚያስፈልገው ነው።

መጽሐፉን ከመያዛችሁ በፊት ቪዲዮ አትዩ። በቲክቶክ ላይ ስለ «ቬሪቲ»ና ስለ «ዘ ሳይለንት ፔሸንት» የሚያወሩት ሰዎች መጨረሻውን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነግሯችኋል። የጀርባ ሽፋኑን እንኳ ባታነቡ ይሻላል።

ውጭ የተወለዱ፣ አማርኛ የሚሰሙ ግን የማያነቡ ልጆች ላሏችሁ ደግሞ፣ «ኦሮማይ» በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሟል። ለአሥራ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ስጡትና እናንተ ደግሞ አማርኛውን በዚያው ሳምንት አንብቡ። ስለ ፊያሜታ ማን ምን እንዳሰበ እራት ላይ ስታወሩ ልጁ ስለ ዘመኑ መጠየቅ ይጀምራል፤ ያኔ የምትመልሱለት የራሳችሁ ትዝታ አላችሁ።